ለቤቤ ባሳንት ለቅሶ የደረስን ቀን

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ክረምት ነበር እንዳልል፣ ሰርዳርጂ ጃኬቱን በክንዱ ላይ ጥሎ ከባቡር ሲወርድ ይታየኛል። በጋ ነበር እንዳልል ደግሞ፣ ወይዘሮ አስካለ በረዶ ላይ እንዳትወድቅ ክንዷን ይዤ ስሄድ ትዝ ይለኛል። ምናልባት ሁለት የተለያየ ቀን ይሆናል፣ እኔ አንድ ላይ ቀላቅዬው። ልጄን ምሕረትን ስጠይቃት «አባባ፣ ያን ጊዜ እርስዎ የት ነበሩና» ትለኛለች። እዚሁ ስዊድን፣ ዩልስታ፣ እሷው ቤት ነበርኩ። ግን የምትለው ይገባኛል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከሥራ መጣችና ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ «አባባ፣ ያ የልብስ ማጠቢያው ጓደኛዎ፣ ሰርዳርጂ፣ አርፈዋል» አለችኝ። ሄሰልቢ ባለው በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት የሰርዳርጂ ልጅ ሚስትም ትሠራለች፣ ከእሷ ነው የሰማችው። እኔ መጀመሪያ ምን ብዬ እንደጠየቅኋት ልንገራችሁ። «በመጽሐፉ ነው ወይስ በእውነት?» አልኳት።

ልጄ ደነገጠች። ያ የድሮው ነገር የተመለሰብኝ መሰላት። አልተመለሰብኝም፣ ጥያቄዬ የደህና ሰው ጥያቄ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደጠየቅሁ ለማስረዳት ግን ነገሩን ከሥሩ መናገር አለብኝ፣ ከሥሩ መናገርን ያስተማረኝም እሱ ነው።

የራሴን ነገር ባጭሩ ልበለው። ወደ ስዊድን የመጣሁት ልጄ ጠርታኝ ነው። ከባለቤቴ ከዘነበች ጋር አብረን ልንመጣ ነበር የታሰበው፣ የእኔ ወረቀት ቀድሞ አለቀ። «አንተ ቅደም፣ ቤቱን አሙቀህ ጠብቀኝ» ብላ ሸኘችኝ። ቆይቶ የእሷም ፈቃድ መጣ። ከመምጣቷ በፊት ዘመዶቿን ልትሰናበት ቡታጅራ አጠገብ ወዳለው የአባቷ መንደር ወረደች። እዚያው ታመመች፣ እዚያው ሞተች።

መርዶውን የነገሩኝ ማለዳ ነው። የምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ነገረኝ። ሰምቻለሁ። ቃሉም ገብቶኛል። ግን የሌላ ሰው ሚስት ነገር እንደነገሩኝ ሆነብኝ። ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ። ለቅሶ በተቀመጥንባቸው ቀናት ሁሉ ሻይ የቀዳሁ፣ ወንበር ያመላለስኩ፣ የለቀስተኛውን ጫማ በር ላይ ያስተካከልኩ እኔ ነኝ። መዝሙር ተዘመረ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጽኑ ሰው ነው፣ ጌታ አጽናንቶታል» እያለ ሄደ። ጽኑ አልነበርኩም። የሞተ ሰው አላየሁም፣ አልቀበርኩም፣ አፈር አላለበስኩም። እንባ ከየት ይምጣ?

ከዚያ ወዲያ ነገር ተምታታብኝ። ምሕረት እራት ስታቀርብ «ለእናትሽ አስቀሪላት» እላለሁ። አንድ ቀን ከገበያ የሴት ነጠላ ጫማ ገዝቼ ገባሁ፣ ወለሉ እንዳይቀዘቅዛት ብዬ። ልጄ ጫማውን አየችና ወደ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፈተችው። ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ደግ ሰው ነው፣ በአስተርጓሚ «ባለቤትህ የት ናት?» አለኝ። «ሞታለች» አልኩት። «እንግዲህ ያውቃል» አለ ለምሕረት። ማወቁንማ አውቃለሁ። የማውቀው ነገር ግን ውስጤ አልገባም፣ በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ነው። ልጄ የፈራችው እዚያው በሩ ላይ ቆሞ እንዳይቀር፣ እኔም ቀስ በቀስ አእምሮዬን ጨርሼ እንዳልስት ነበር። እኔም ያንኑ እፈራ ነበር፣ አልነገርኳትም እንጂ።

ሥራዬ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ቤት ውስጥ ነበር። የታጠበውን አንሶላ የሚተኩስ ግድግዳ የሚያህል ማሽን አለ፣ ማንግል ይሉታል። ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይዞ ያጎርሰዋል። እኩል ካልያዛችሁት አንሶላው ተጣሞ ይገባና ማሽኑ ይቆማል። እኔ በአንድ ጫፍ፣ በሌላው ጫፍ ሰርዳርጂ። የፑንጃብ ሰው ነው፣ ሕንድ። ሰርዳርጂ ስሙ ይመስለኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ፣ ጥምጥም ለሚያደርግ ሰው በአክብሮት የሚጠሩበት ነው። እኔን «ፓጂ» ይለኝ ነበር፣ ወንድሜ ማለት ነው በቋንቋቸው።

ረጅም ነው። ጺሙ ወደ ነጭ የሄደ፣ ጥምጥሙ ሰማያዊ። ሲናገር ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ያጎነብሳል፣ ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዳ ይመስል። ስዊድንኛው እንደ እኔው ስብርባሪ ነው፣ ግን ሁለታችንም ስለምንሰብረው እንግባባለን። አንድ ቃል ነበረችው፣ «ቬንታ»። ቆይ ማለት ናት። ሰው ነገሩን ሲያሳጥርበት ጣቱን ያነሣና «ቬንታ፣ ቬንታ» ይላል። ለእሱ ነገር ከመካከል አይጀመርም። አለቃችን አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ ጃንጥላ አግኝታ «የማን ነው?» አለች። «የእኔ ነው» ማለት ይበቃው ነበር። እሱ ግን ጃንጥላውን ከሸጠለት ሰው አባት ጀመረ። አለቃችን እየሳቀች ጃንጥላውን አስታቅፋው ሄደች፣ ታሪኩን እኔ ነኝ ያስጨረስኩት።

በዕረፍት ሰዓት ከፔርሙስ ዝንጅብል ያለበት የወተት ሻይ ይቀዳልኝና የመንደሩን ነገር ይነግረኛል። ናራይን ሲንግ የሚባል ሰው በአንድ በሬ ብቻ መጥቶ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፈረ። ውኃው ጨው ሆነ። ሚስቱ «እንመለስ» አለችው፣ እሱ ራቅ ብሎ ሌላ ቆፈረ፣ ጣፋጭ ውኃ ወጣ። መንደሩ ከዚያ ተጀመረ። ልጁ ከሃር ሲንግ አደገና ባሳንት ካውር የምትባል ልጅ አገባ። በጋሪ ስትመጣ ፊቷን ሸፍናለች፣ በመሸፈኛው ቀዳዳ በኩል ግን የእያንዳንዱን ቤት በር ታያለች። እሷ ናት ቤቤ። አያት፣ እናት፣ የቤቱ ትልቅ ሴት እንደማለት ነው ቤቤ። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች። ልጆቹ አደጉ፣ አገቡ፣ በመስኖ ውኃ ተራ ተጣሉ፣ መሬቱን ተካፈሉ። በመጨረሻ ግቢውን ለሁለት የሚከፍል የጭቃ ግድግዳ አቆሙ። ቤቤ ማንም ዘንድ አልገባም አለች። የጠፍር አልጋዋን አወጣችና ግድግዳው ከሚያልቅበት ጫፍ ላይ አጋድማ ዘረጋችው፣ ራሷ በአንዱ ልጅ ግቢ፣ እግሯ በሌላው። የሁለቱም ቤት ልጆች በአልጋዋ ሥር እየሾለኩ ይጫወቱ ነበር።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ቬንታ» ይላል። «ነገ። ራስት አልቋል።» ዕረፍቱ ማለቱ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ «ጉድጓዳችን»፣ «ቤቤያችን» እያለ ነው። እኔ የቤተሰቡን ታሪክ እንደሚነግረኝ ነው የገባኝ። ባሳንት ካውር የገዛ አያቱ ናት ብዬ ያዝኩ። ዕድሜዋን ሳሰላው መቶውን የሚያልፍ መሰለኝ። እኛም አገር ዕድሜ በግምት ነውና አልተገረምኩም። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረው፣ በቢጫ ጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ የሚይዘው። ባቡር ስንጠብቅ ጨርቁን ሲፈታ አይቼዋለሁ። የጸሎት መጽሐፉ መሰለኝና፣ ሰው ከአምላኩ ጋር ሲሆን ማፍጠጥ ነውር ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ያ መንደር በዚያ ግራ በገባኝ ዘመን ጥርት ብሎ የሚታየኝ ብቸኛ ቦታ ነበር። ቤት ስገባ ምሕረት ያለችኝን እረሳለሁ፣ የቤቤን አልጋ ግን አልረሳም። የባሰው ደግሞ መቀላቀሉ ነው። በእነ ዘነበች መንደር፣ ጀፎረ የሚሉት በሣር የተሸፈነ ሰፊ መንገድ አለ። ዘነበችን እዚያ መንገድ ላይ ቆማ ሳስባት፣ ቤቤ አልጋዋን አውጥታ አጠገቧ ተጋድማ አገኛታለሁ።

አንድ ቀን ሰርዳርጂ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። አንሶላውን አጣሞ አጎረሰው፣ ማንግሉ ቆመ። አለቃችን አየችውና ምንም ሳትል ማሽኑን አስነሣችልን። ሻይ ሰዓት ላይ ፔርሙሱን ሳይከፍት ተቀመጠ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ቤቤ ሞተች።»

«መቼ?»

«ትናንት። ወደ ቤት ስሄድ፣ ባቡር ውስጥ ሆኜ። አለቀስኩ። ባቡሩ መውረጃዬን ቬስቢን አልፎ የመስመሩ መጨረሻ ማሽታ ድረስ ወሰደኝ።»

«ማን ነበር አጠገቧ?»

«ማንም።» ጢሙን ያዘ። «ሁለቱም ልጆቿ ግድግዳው ግራና ቀኝ ነበሩ። አንዱ፣ ወንድሜ አለላት አለ። ሌላውም፣ ወንድሜ አለላት አለ።»

ቀኑን ሙሉ ያ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ባልደረባ ሰው ሲሞትበት መቼም በእኛ ወግ የሚደረገው ይታወቃል፣ ቤቱ መሄድ ነው። የእኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ወይዘሮ አስካለ ለቅሶ አያመልጣትም። ጥንት በስደት የመጣች፣ የማርያም ማኅበርተኛ፣ የማታውቀውም ሰው ሲሞት የምትደርስ ሴት ናት። ነገርኳት።

«እስላም ናቸው?» አለችኝ።

«አይደሉም። ሲክ ናቸው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እኔንጃ። ጥምጥም ያደርጋሉ።»

«ቄስ ናቸዋ እንግዲህ።» ትንሽ አሰበች። «ንፍሮ ይበላሉ?»

«ስንዴና ሽምብራ የማይበላ አለ እንዴ?»

ቅዳሜ ሄድን። እሷ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እኔ የንፍሮውን ድስት በፎጣ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ይዤ። ከዩልስታ በሰማያዊው ባቡር እስከ ዋናው ጣቢያ ሴንትራለን፣ ከዚያ ፔንደልቶግ በሚሉት ከከተማ በሚያወጣው ባቡር ወደ ኡፕላንድስ ቬስቢ። ቤቱን አውቀው ነበር፣ አንድ ጊዜ የልጁን የክረምት ካፖርት ሊሰጠኝ ወስዶኛል። ደረጃው ሥር ስንደርስ ወይዘሮ አስካለ ጉሮሮዋን አሟሸች።

«እዚህ አገር እንዲህ አይጮኽም» አልኳት።

«ታዲያ ሰውዬው መምጣታችንን በምን ያውቃል?» አለችና ጀመረች።

ሰው ሲያስነጥስ እንኳ እስከ ላይኛው ፎቅ በሚሰማበት የስዊድን ደረጃ ላይ፣ «እናቴን፣ ደጓን፣ ማንም ሳይኖር» እያለች ስትወጣ በሮች ገርበብ ገርበብ አሉ። የሰርዳርጂ በር ተከፈተ። ባለቤቱ ጉርሚት ናት፣ እጇ ዱቄት ነው። አንዲት ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት ደረቷን እየመታች፣ አንድ ሽማግሌ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። እኛ ለቅሶ ደራሾች ነን፣ እሷ ያየችው ግን መርዶ ነጋሪዎችን ነው። ልጃቸው ወደ ሰሜን የጭነት መኪና ይነዳል፣ ይህንን በኋላ ነው ያወቅኩት። የልጇን ስም ጠርታ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ እንደወጉ የምታለቅስ ሐዘንተኛ በማግኘቷ በረታች። አጠገቧ ወድቃ አቀፈቻት። አንዷ በአማርኛ አንዷ በፑንጃቢ፣ ለተለያየ ሰው አብረው አለቀሱ። እኔ ድስቱን ይዤ ቆሜያለሁ።

ከውስጥ ሰርዳርጂ ወጣ። ጠጉሩን ታጥቦ ኖሮ እስከ ወገቡ ተለቅቋል፣ በእጁ የእንጨት ማበጠሪያ ይዟል። ያለ ጥምጥም አይቼው አላውቅም። ለአፍታ የቤተ ክርስቲያናችን የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለው ነቢይ መሰለኝ።

«ፓጂ» አለኝ፣ ከንፈሩ ገርጥቶ። «ማን ሞተ?»

«ቤቤ» አልኩት። «የእናንተ ቤቤ። ለቅሶ ልንደርስ መጣን።»

ለሚስቱ በቋንቋቸው ቀስ ብሎ ነገራት። እሷ ለቅሶዋን አቆመች፣ ቀና ብላ እሱን አየች፣ እኛን አየች፣ አንድ ነገር ተናግራ በዱቄታም እጇ ፊቷን ሸፈነች። «በዚያ መጽሐፍህ አንድ ቀን ትገድለኛለህ» ነው ያለችው፣ በኋላ እንደነገረኝ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀች ነው እያለቀሰች ዛሬም አላውቅም።

ሰርዳርጂ ገብቶ በቢጫ ጨርቅ የተጠቀለለውን መጽሐፍ አመጣና ከፈተልኝ። ፊደሉ ሁሉ ከላይ ካለ መስመር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ። «እዚህ ውስጥ ናት» አለኝ። «መንደሩም፣ ጉድጓዱም፣ ግድግዳውም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው።»

«ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ ወይዘሮ አስካለ በአማርኛ።

«መጽሐፍ ላይ ነው የሞተችው ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ልብ ወለድ ናት። ኖራ አታውቅም።»

ነጠላዋን አንሥታ ዓይኗን ጠረገች። «ጋሽ ወልዴ፣ ከዩልስታ እዚህ ድረስ ለሌለች ሴት ነው ያስለቀሱኝ። ንፍሮውንስ ለማን ልስጠው?»

ራሴን መጠርጠር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ያልነበረች ሴት በእውነት ሞታለች ብዬ ድስት ተሸክሜ በባቡር እመጣለሁ፣ በእውነት የሞተችውን ሚስቴን ደግሞ እራት አስቀሩላት እላለሁ። ልጄ የፈራችው ደርሷል አልኩ። ወጥቼ ልሄድ ወደ በሩ ዞርኩ።

«ቬንታ» አለ ሰርዳርጂ።

ውስጥ ገባ። ሲመለስ ነጭ ጥምጥም አድርጓል። በሐዘን ጊዜ ነው ነጩን የሚያደርጉት። ሳሎኑን አስለቀቀና ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፈ። «ይህን መጽሐፍ ከወጣትነቴ ጀምሮ ነው የማነበው» አለ። «ሁልጊዜ ትሞታለች። ሁልጊዜ አለቅሳለሁ፣ ይህች ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። ለቤቤ ለቅሶ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። እናንተ መጣችሁላት። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ወይዘሮ አስካለ «ሰውዬው ጤና አለው?» አለችኝ በጆሮዬ፣ ሆኖም እግሯን አጣጥፋ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጠች። ጉርሚት ንፍሮውን በሳህን አቀረበችው፣ ቀምሳ ጨው ጨመረችበት። ከዚያ እኔ ጠየቅሁ።

«ማን ቀበራት?»

«ሁለቱም ልጆቿ ተሸከሟት» አለ ሰርዳርጂ። «አልጋዋ ተሰንቅሮ አልወጣ አለ። ግድግዳውን አፈረሱት፣ እሷን ለማውጣት።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ የራሴ ድምፅ ነው። የሰው ቤት ወለል ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ያልመጣው አንድ ላይ መጣ። ሰርዳርጂ ግራ ገብቶት ወይዘሮ አስካለን በስዊድንኛ «ለማን ነው የሚያለቅሰው?» ሲላት ይሰማኛል።

«ለሚስቱ ነዋ» አለችው። «አልነገረህም?»

አልነገርኩትም ነበር። በየቀኑ አንድ አንሶላ ለሁለት ይዘን እየዋልን፣ የመንደሩን ሙታን ሁሉ እየሰማሁ፣ የራሴን አልነገርኩትም። መሀረብ አውጥቶ አፉን ያዘ። ከዚያ ተነሥቶ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እጁን ጀርባዬ ላይ አደረገ።

ሰኞ ሥራ ስንገባ ገና የመጀመሪያውን አንሶላ ሳናጎርስ «ፓጂ፣ ንገረኝ» አለኝ።

«ሚስቴ ሞተች» አልኩት።

«ቬንታ፣ ቬንታ።» ጣቱን አነሣ። «አያቷ ማን ነበር?»

ቀልድ መሰለኝ። አልነበረም። እንደዚያ አሳጥሬ እንድነግረው አልፈለገም። ሰው በአንድ ቃል አይሞትም ባይ ነው። እሷ የመጣችበትን ቤት፣ ቤቱን የሠራውን ሰው፣ ያ ሰው ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት። እኔም ጀመርኩ። የአያቷን ስም አውቀዋለሁ፣ ገብሬ ነው። ቤቱን ማን ሠራው ሲለኝ ግን አላውቅም። እንሰቱን ከየት አምጥተው ተከሉ ሲለኝ አላውቅም። «ጠይቅ እንጂ» ይለኛል።

ማንን ልጠይቅ? ያላት አንድ እህት ናት፣ ለምለም፣ ቡታጅራ ከተማ የምትኖር። ከመርዶው ወዲህ ደውዬላት አላውቅም። ስትደውልም ምሕረት ናት የምታነሣው። እዚያ ቤት ደውዬ ዘነበች ስልኩን ካላነሣች ምን ልሆን ነው ብዬ ነው የፈራሁት። የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። ለምለም አነሣች።

«የአያታችሁን ቤት ማን ነው የሠራው?» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«ገብሬ ነው ወይስ አባቱ?»

አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ። አባትየው ነው የጀመረው፣ ጣራው ሳይከደን ሞተ፣ ገብሬ ጨረሰው። ምሰሶውን ሲያቆሙ የመንደሩ ሰው ሁሉ እንደዘፈነ ነገረችኝ። ይህንን ይዤ ሥራ ሄድኩ። ሰርዳርጂ አንሶላውን እያጎረሰ ይሰማል፣ ይጠይቃል። ሣሩን ከየት አመጡት? ሚስትየው ምን አለች? ካርዱ ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ። ለምለምም መጠበቅ ጀመረች፣ ስደውል ከመንደሩ ሽማግሌ ጠይቃ አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። እንዲህ እያልን ከገብሬ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ ዘነበች መወለድ ደረስን። ወንድ ይወለዳል ተብሎ የታረደውን በግ፣ እናቷ የእንሰት ቅጠል አንጥፋ ከፀሐይ ሥር እንዳስተኛቻት፣ አዲስ አበባ መጥታ እኔ ጭነት በማራግፍበት ግቢ በር ላይ ዳቦ ስትሸጥ እንዳየኋት፣ ሁሉንም ነገርኩት። እዚህ ላይ «የሰጠችህ ዳቦ ትኩስ ነበር?» አለኝ። «ቀዝቃዛ» አልኩት። ደስ አለው።

ለምን ያህል ጊዜ እንደነገርኩት አላስታውስም። አንዳንዱንም ዛሬ ስናገረው ከየትኛው መንደር እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ውኃው ጨው የሆነው ጉድጓድ የእነሱ ነው። ጣራ ሳይከደን የሞተው ሰው የእኛ ነው። በጎርፍ የተወሰደችው ጎሽ መቼም የእኛ ልትሆን አትችልም።

በመጨረሻ የቀረው አንድ ነገር ሆነ። ለምለምን አሟሟቷን ጠየቅኋት፣ ያን እስከዚያ ቀን ሊነግሩኝ ሲሞክሩ ጆሮዬን የያዝኩበትን። በማግስቱ ማንግሉ አጠገብ ቆሜ ለሰርዳርጂ ነገርኩት። ልትሰናበት መጣች። ቤት ለቤት ዞረች። ከዚያ ሆዷን አመማት። መኪና ሊጠሩ ሲሮጡ እሷ መደቡ ላይ ተኝታ ነበር። እህቷ እጇን ይዛለች። «በሩን ዝጉት፣ ዶሮዎቹ ይገባሉ» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

«በሩን ዘጉት?» አለኝ ሰርዳርጂ።

«ለምለም ዘጋችው።»

አንሶላውን ለቀቀው። ጫፉ በእጄ ቀረ። «አሁን ሞተች» አለኝ።

አዎ። ያን ጊዜ ሞተች። ሁለታችንም እዚያው ቆመን አለቀስን፣ አንሶላው ወለል ላይ ወድቆ። አለቃችን መጥታ አየችን፣ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች፣ ሰርዳርጂ ጣቱን አንሥቶ ከዘነበች ቅድመ አያት ሊጀምርላት ሲል ሁለታችንንም ወደ ቤት ላከችን። ማታ ምሕረት ሳህን ስትደረድር «እናትሽ እኮ ሞተች» አልኳት። ልጄ ሳህኑን አስቀመጠች። አእምሮዬን እንዳልስት እኔን ስትጠብቅ፣ ለእናቷ ማልቀሻ ጊዜ አላገኘችም ነበር። ያን ቀን አገኘች።

እንግዲህ የሰርዳርጂን ሞት ስሰማ «በመጽሐፉ ነው ወይስ በእውነት» ያልኩት ለዚህ ነው። በእውነት ነው። ወይዘሮ አስካለ ጉልበቷ እምቢ ስላላት ምሕረት በመኪናዋ ቬስቢ ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ለልጄ እሱን ልነግራት ጀመርኩና አፌ ተያዘ። ከማን ልጀምር? የባሳንት ካውርን አማት ስም አውቃለሁ፣ የጨው ጉድጓዱን የቆፈረውን ሰው አውቃለሁ፣ ኖረው የማያውቁ ሰዎችን እስከ ልጅ ልጅ ቆጥሬ እነግራችኋለሁ። የእሱን አባት ስም አላውቅም። እኔን ከአያት ጀምሬ እንድናገር ሲያደርገኝ፣ እሱን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።

ጉርሚት አርጅታለች፣ ነጭ ለብሳ ነጭ ንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለውን በየቋንቋው ይላታል። እኔ ተራዬ ሲደርስ «አያቱ ማን ነበር?» አልኳት።

ዓይኔን አየችኝ። ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ አሁንም እንደ ድሮው ምን እንደሆነ አለየልኝም። ከዚያ ገለጠችና ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ እኔም እንዳልረሳው አብሬያት ደጋገምኩት። በዚያ በተምታታብኝ ዘመን እጄን ይዞ ያሻገረኝ ሰው፣ የሱንደር ሲንግ የልጅ ልጅ፣ የካርታር ሲንግ ልጅ፣ ሃርባንስ ሲንግ ነው።